አጥንቱና ስሙ

ስም መስጠት ከሥራ ሁሉ የቀለለ ይመስላል። አንድን ነገር አይቶ «ይህ እንዲህ ነው» ለማለት ምላስን ከማንቀሳቀስ በቀር ሌላ ድካም የለበትም። ነገር ግን ከታወቀና ከተከበረ ሰው አፍ አንድ ጊዜ የወጣ ስም ነገሩን ራሱን ሸፍኖት ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ነገሩን መመልከት ትቶ ስሙን ብቻ እያነበበ ያልፋል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው በፓሪስ ከተማ ከድንጋይ ውስጥ የወጣ የአንድ ትንሽ አውሬ የራስ ቅል ነው፤ ሁለተኛው የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜን ከአውሬ ጋራ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በማስገባቴ ወጣቱ አንባቢዬ አይደነቅ፤ እርሱ ራሱ ሰምቶ አልተቈጣኝም። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሞንማርትር ዛሬ ሠዓሊዎችና አገር ጐብኚዎች የሚመላለሱበት የፓሪስ ኮረብታ ነው። በቀድሞ ዘመን ግን የጀሶ መቈፈሪያ ነበር። ያ ግድግዳ የሚለሰንበት፣ የተሰበረ እጅም የሚታሰርበት ነጭ ዱቄት «የፓሪስ ጀሶ» እየተባለ በዓለም ሁሉ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቈፋሪዎቹ ድንጋዩን ሲፈልጡ አልፎ አልፎ አጥንት ያገኙ ነበር፤ ይኸውም ከዘመን ብዛት የተነሣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ዛሬ ቅሪተ አካል የምንለው ነው። አጥንቱም በመጨረሻ ይደርስ የነበረው በዚያ ከተማ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ መጽሐፍ ሊያነብ ይችላል ከሚባለው ከዦርዥ ኩቪዬ እጅ ነበር።

ኩቪዬ በ1769 ተወልዶ በ1795 ወደ ፓሪስ የመጣ ሰው ነው። በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጦ፣ በ1796 የዛሬዎቹን ዝሆኖች አጥንት ከጥንቶቹ ጋራ አስተያይቶ፣ ቀድሞ በምድር ላይ ይኖሩ የነበሩ አሁን ግን ፈጽመው የጠፉ የእንስሳት ዓይነቶች መኖራቸውን አስረዳ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይህን አያምንም ነበር፤ ያልታየው ፍጥረት በሩቅ አገር ተሸሽጎ ይኖራል ብሎ ያስብ ነበር እንጂ። ስለ ኩቪዬ ችሎታ አንድ ነገር ልንገር። ከዚያው ከሞንማርትር ጀሶ ውስጥ የአንዲት ትንሽ እንስሳ አጽም ግማሹ ታይቶ ግማሹ በድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ፣ ጥርሷንና መንጋጋዋን ብቻ ተመልክቶ፣ ይህች ልጆቻቸውን በሆዳቸው ከረጢት ከሚያሳድጉት ወገን ናት ብሎ ፈረደ። እንዲህ ከሆነች ደግሞ በዳሌዋ ላይ እንደ እነዚያ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ሊኖሯት ይገባል። ስለዚህ ምስክሮች ሰብስቦ በፊታቸው ድንጋዩን ቀስ እያለ ፈለፈለው፤ ሁለቱም አጥንቶች እርሱ ይኖራሉ ባለበት ስፍራ ተገኙ። ይህ በ1804 ታትሞ ስሙን በአገሩ ሁሉ አገነነው። ያልታየውን አስቀድሞ ተናግሮ በምስክር ፊት ማሳየት፣ በውነቱ፣ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1821 ይኸው ሰው ከዚያው ጀሶ ስለ ወጣ ሌላ ትንሽ የራስ ቅል ጻፈ። ቅሉ የተሰባበረ ነበር፤ ጥርሱ ግን ይታይ ነበር። ኩቪዬም አዳፒስ የሚል ስም አወጣለትና ሰኮና ካላቸው እንስሳት ተራ አስገባው። ስሙም በታላቁ መጽሐፉ ውስጥ ታተመ።

አዳፒስ ግን ሰኮና አልነበረውም። ቅርንጫፍ የሚጨብጥ እጅና እግር ያለው፣ በዛፍ ላይ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ፣ ከዝንጀሮና ከጦጣ፣ ከእኛም ጋራ በአንድ ታላቅ ወገን የሚቈጠር ፍጥረት ነበር፤ ሊቃውንት ይህን ወገን ፕራይሜት ይሉታል። ቁመናው ከአንድ ድመት አይበልጥም። በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ፣ በቀኝም በግራም ዐሥር ዐሥር፣ በጠቅላላው 40 ጥርስ ነበረው፤ እኛ ጥርሳችን ሁሉ ቢበቅል 32 ብቻ ነው። የመንጋጋ ጥርሶቹ እንደ መቀስ የሚቈርጥ ስለት አላቸውና ቅጠል ይበላ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። የዓይኑ ጐድጓዳ ትንሽ ስለ ሆነ ደግሞ በቀን እንጂ በሌሊት የሚሠማራ አልነበረም ይላሉ፤ የሌሊት አውሬ ዓይኑ ትልቅ ነውና። እነሆ፣ ከድንጋይ ውስጥ ከወጣ ከጥርስና ከዓይን ጐድጓዳ ይህን ያህል ይነበባል።

ተማሪዎቼ ስለ ጥንት አጥንት ባነሣሁባቸው ቍጥር ወዲያው ድንቅነሽን ይጠሩልኝ ነበር፤ በ1974 በአፋር ምድር በሐዳር መገኘቷን የማያውቅ ልጅ የለምና። እርሷ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አዳፒስ የኖረው ግን ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ከእርሷ ዘመን ዐሥር እጥፍ ይርቃል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዛሬ ፓሪስ ያለችበት አገር ሞቃት ነበር፤ ደንም ነበረው። ኋላ ምድር ቀዘቀዘች፣ በደቡብ ዋልታ በረዶ ተከመረ፣ የአውሮፓ ደን ሳሳ፣ ከእስያም ሌሎች እንስሳት ገቡ፤ አዳፒስም በስሙ አዳፒዴ ከተባለው ቤተ ሰቡ ጋራ ከዚያ አገር ጠፋ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ፍጥረታት ለእርሱ የሚቀርቡት የማዳጋስካር ሌሙሮችና ጋላጎ የተባሉት ዓይነ ትልልቅ የሌሊት አውሬዎች ናቸው። ጋላጎ በአገራችን ቈላ በግራር ዛፍ ላይ ይኖራል፤ ቀን ስለሚተኛ ያየው ሰው ጥቂት ነው እንጂ።

ወደ ስሙ ልመለስ። አዳፒስ በፕራይሜት ወገን ሳይቈጠር ኀምሳ ዓመት ያህል አለፈ። በ1870 ግድም በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኬርሲ በተባለው አገር፣ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት ይቈፈር ጀመር። ከቈፈሩትም ጕድጓድ እጅግ ደኅና የሆነ አጥንት ወጣ። በ1873 ዴልፎርትሪ የተባለ ሰው ከዚያ የተገኘ አንድ የራስ ቅል ተመልክቶ የሌሙር ወገን መሆኑን አስታወቀ፤ አዲስ ፍጥረት ስለ መሰለውም ፓሌዮሌሙር የሚል ስም አወጣለት፤ የጥንት ሌሙር ማለት ነው። ብዙም ሳይቈይ ሌሎች ሊቃውንት ጥርሱን ከሞንማርትሩ ጥርስ ጋራ ቢያስተያዩት አንድ ሆኖ አገኙት። ያ ሰኮና አለው የተባለው እንስሳ ለካ ዛፍ ወጪው ኖሯል! ከሁሉ የሚያስገርመው ግን፣ ኩቪዬ በሕይወቱ ሳለ የዝንጀሮና የጦጣ ወገን አጥንት ከጥንት ድንጋይ ውስጥ አልተገኘም እያለ ይጽፍ መኖሩ ነው። አጥንቱ በእጁ ነበር። በ1832 ሲሞትም ይህን አላወቀም።

ይህን ታሪክ እየነገሩ በኩቪዬ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋራ አልስቅም። የራስ ቅሉ የተሰባበረ ነበር፤ ከአንገት በታች ያለውን አጽም አላየም። በዓይን ዙሪያ ያለው የአጥንት ቀለበት የፕራይሜት ምልክት ነው ቢባልም፣ የፈረስና የላም ራስ ቅል ያየ ሰው ያንኑ የመሰለ ቀለበት በእነርሱም ላይ ያገኛል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ የጥንት ፍጥረት ከእርሱ በፊት አንድም ሰው አላየም ነበር። ሰው ይኖራል ብሎ ያልጠበቀውን ነገር በፊቱ ቢያኖሩለት እንኳ አያየውም። ኩቪዬ ያን ቀን ያን አጥንት ያኖረው እጁ ላይ ካሉት ተራዎች የተሻለ በመሰለው ውስጥ ነው። ነውሩ፣ ነውር ከተባለ፣ ስሙ ከተሰጠ በኋላ አጥንቱን ሳይሆን ስሙን ይዞ በሚሄደው ትውልድ ላይ ነው።

ወንድሜ በልጅነቱ አንድ ጆሮው ይመግል ነበር። እናታችን ዘይት እያሞቀች ጠብ ታደርግለት ነበር፤ ሲደርቅለት ጊዜ ዳነ ተባለ። ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ቁመተ ረዥም ስለ ነበረ ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጠ። ደኅናው የግራ ጆሮው ወደ ግድግዳው፣ የታመመው የቀኝ ጆሮው ወደ ክፍሉ ሆነ። መምህሩ በከተማችን እጅግ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ያምር ነበር፤ ከእርሳቸው እጅ የወጡ ብዙዎች ለወግ ለማዕርግ በቅተዋል፤ እኔንም ማንበብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ወንድሜን ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ ሦስት ጊዜ ዝም አላቸው። አራተኛ አልጠየቁትም። በመዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈታቸው «ደንቆሮ ነው» ብለው ጻፉ።

በቋንቋችን ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው። ጆሮው የማይሰማም ደንቆሮ ይባላል፤ አእምሮው የማይቀበልም ደንቆሮ ይባላል። መምህሩ ሁለተኛውን ማለታቸው ነበር። ቃሉ ግን በመጀመሪያው ፍች ግማሽ በግማሽ እውነት ነበር! እነሆ የልጁ ሕመም በመዝገቡ ላይ በግልጥ ተጽፎ፣ በቃሉ ፊት እያለፈ የሚያነበው ሰው ሁሉ ሌላውን ያነብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር መጡ፤ ከልጁ በፊት መዝገቡን አዩ። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ። ከዚያው ከግድግዳው አጠገብ አላነሡትም፤ ለደንቆሮ የትም ቢቀመጥ ምን ልዩነት አለው?

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። የሰፈር ልጆች ስሙን ትተው በዚያ ቃል ይጠሩት ጀመር። እኔን ግን ከልጆቹ ስድብ ይልቅ የጐዳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን እናታችን ጨው ልካው ሲመለስ መልሱን ቍጠርልኝ ብትለው፣ ሳያፍር፣ ሳያዝንም፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ቀዝቅዞ፣ «እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ» አላት። በሣንቲም ቍጥር ከእኔ የፈጠነ ልጅ ነበር። ስሙን ተቀብሎት፣ ለብሶት፣ ሞቆት ይኖርበት ጀመር። እናታችን ዞር ብላ አለቀሰች።

በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ጆሮው እንደ ገና ቢያመው ወደ ሐኪም ወሰደችው። እኔም አብሬ ነበርሁ። ሐኪሙ ከኋላው ቆመው የቀኝ ጆሮውን በእጃቸው ከደኑና ስሙን በሹክሹክታ ጠሩት፤ ዘወር አለ። ቀጥለው የግራውን ከደኑና ጠሩት፤ ዝም አለ። ደግመው ጠሩት፤ ዝም አለ። ሐኪሙ ወደ እናታችን ተመልሰው የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?» አሉ። እኒህ ሰው ከመምህሮቹ በዕውቀት የሚበልጡ ስለ ሆኑ አይደለም ያገኙት። መዝገቡን ስላላነበቡ ነው።

በማግሥቱ ከፊት በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ ዓመት ሳይሞላ ዳዊቱንም ጋዜጣውንም ያነብ ጀመር። ነገር ግን ዕድሜው ከክፍሉ ልጆች ጋራ አልመጣጠን አለ፤ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ትምህርቱን ትቶ የእንጨት ሥራ ተማረ፤ እስከ ዛሬም ዐናጢ ነው። ስለ አዳፒስ ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ያ አጥንት ያለ እውነተኛ ስሙ 52 ዓመት ቢቈይ ምንም አልጐደለበትም፤ 34 ሚሊዮን ዓመት ሲጠብቅ የነበረ ነገር ነው። ከሰው ልጅ ላይ ግን አራት ዓመት የወሰደ ሰው ከየት አምጥቶ ይመልስለታል?

ሰውን የሚጐዳው ያነሰ ስም ብቻ እንዳይመስልህ፤ የበዛውም ይጐዳል። ለዚህም የአዳፒስ ዘመድ የሆነች ሌላ ፍጥረት አለች። በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ አጠገብ ሜሰል የሚባል ጕድጓድ አለ፤ ከ47 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ወደ ጥልቁ የሰመጠ ሬሳ ሳይፈርስ በጭቃው ውስጥ ስለሚቀር፣ የአንዳንዱ እንስሳ ጠጕርና የበላው ምግብ እንኳ በድንጋዩ ላይ ይታያል። (ይህን ስፍራ የቈሻሻ መጣያ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ሰዎች ተሟግተው አዳኑትና በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ።) በ1983 ከዚያ የአንዲት ትንሽ ፍጥረት አጽም ወጣ። ያገኙት የግል ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ ገጽ ለየብቻ ተሸጠ፤ በአንደኛውም ገጽ ላይ የጐደለውን በሰው እጅ ሠርተው ሙሉ አስመሰሉት። ዋናው ገጽ ኋላ በኦስሎ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተገዛ። ተመራማሪው ዮርን ሁሩም በገዛ ልጁ ስም ኢዳ አላት፤ የሊቃውንት ስሟ ዳርዊኒየስ ነው።

በግንቦት 2009 ኢዳ በኒው ዮርክ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ለዓለም ታየች። መጽሐፉም ፊልሙም አስቀድመው ተሰናድተው ነበር። የሰውን ዘር ከጥንቶቹ ፍጥረታት ጋራ የምታያይዘው የጠፋችው ቀለበት ናት ተብሎ ተነገረላት። በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ አምስት ወር ያህል ቈይቶ፣ ኤሪክ ሳይፈርትና ባልደረቦቹ በግብፅ በፋዩም ስለ ተገኘ አፍራዳፒስ ስለ ተባለ ሌላ ዘመዷ ጻፉ። በሕይወት ያሉና የጠፉ 117 ዓይነት ፕራይሜቶችን በ360 ምልክቶች አስተያይተው፣ ኢዳም ወገኖቿም ወደ ሌሙሮች እንጂ ወደ ዝንጀሮና ወደ ሰው መስመር እንደማይቀርቡ አሳዩ። ወዲያው ጋዜጦቹ ረሷት።

እኔ ለኢዳ አዝንላታለሁ። አጽሟ ከመቶ 95 እጅ ያህል የተሟላ ነው፤ በዚያ ዘመን ከኖሩት ፕራይሜቶች እንዲህ ያለ ሙሉ አጽም አልታየም። ገና ያላደገች ሴት ነበረች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ በመዳን ላይ ነበር፤ በሆዷ ውስጥ የመጨረሻ ምሳዋ የነበረው ፍሬና ቅጠል አለ። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ጌጥ ሊያስደንቅ የሚችል ነገር ነበር። ታላቅ ስም ጫኑባትና፣ ስሙ ሲወድቅ እርሷም አብራ የወደቀች መሰለች። በማስተምርበት ዘመን ከቤቱ «ዶክተሩ» እየተባለ የሚመጣ አንድ ሕፃን ነበረኝ። ጐበዝ ነበር፤ ነገር ግን ያልገባውን አይጠይቅም ነበር፤ ዶክተር ያልገባው ነገር አለ ሊባል ነዋ! የዚያን ልጅ አፍ ለማስከፈት ዓመት ሙሉ ደክሜአለሁ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ዓመት ለወንድሜ በሥራ ቤቱ ተቀምጬ አጫወትሁት። እርሱ የበር ሳንቃ ይልግ ነበር። በግራው በኩል ተቀምጫለሁ፤ ከእርሱ ጋራ ሁልጊዜ የምቀመጠው በዚያ በኩል ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና መላጊያውን አኑሮ፣

«ጋሼ፣ ታዲያ ኋላ እውነቱን ሲደርሱበት ስሙን ለወጡለት?» አለኝ።

አልለወጡለትም አልሁት። በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ መጀመሪያ የታተመው ስም ይጸናል፤ ስለዚህ ዴልፎርትሪ ወገኑን አውቆ ያወጣው ፓሌዮሌሙር የሚለው ስም ቀረ፤ ኩቪዬ ሳያውቀው ያወጣው አዳፒስ የሚለው ግን ይኸው እስከ ዛሬ የእርሱም የቤተ ሰቡም መጠሪያ ሆኖ ይኖራል።

ወንድሜ ሳቀ። «እኔንም እኮ እስከ ዛሬ ደንቆሮው ዐናጢ ነው የሚሉኝ» አለና ሳንቃውን ገልብጦ በሌላው ፊት ይልግ ጀመር።